የቡናውን ሒሳብ የመረመሩት ነጋድራስ፦ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወትና ለገበሬው የተዉት ጥያቄ

ከካፋ ጫካ የሚለቀም ቡና ከጥንት ጀምሮ የረጅም መንገድ ተጓዥ ነው። የመኪና መንገድ ባልነበረበት ዘመን በበቅሎና በአህያ ጀርባ ተጭኖ የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል፤ በጅማ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ይሻገራል። ለቃሚው ገበሬ ግን ቡናው የት እንደደረሰ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ በምትኩ ወደ አገር የገባው ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በዚህ ረጅም መንገድ መጨረሻ ላይ፣ በድሬዳዋ የጉምሩክ ቤት፣ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አንድ ወጣት ሹም ተቀምጠው ነበር። ስማቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል። ወደ ውጭ የሚወጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም በአንድ በኩል፣ ከውጭ የሚገባው አቡጀዲ፣ ጠመንጃና ብርጭቆ በሌላ በኩል ከፊታቸው ያልፍ ነበር። ሌሎች ሹማምንት የቀረጡን ገንዘብ ብቻ በሚቆጥሩበት ቦታ እኚህ ሰው ከቀረጡ ጀርባ ያለውን ትልቁን ሒሳብ መረመሩ። እንዲህ ያለ ለም መሬትና እንዲህ ያለ ታታሪ ገበሬ ያለው አገር ስለምን ይደኸያል የሚለው ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕረፍት ነሥቷቸዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ያረፉት ገና በ33 ዓመታቸው ነው። በዘመናቸው መንግሥት በንግድ፣ በትምህርትና በውጭ ዜጎች አያያዝ ላይ የሚከተለውን መንገድ በአደባባይ ከነቀፉት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። የጻፉትም በቡና፣ በማርና በቅመማ ቅመም ለሚተዳደረው የካፋ ሕዝብ ሩቅ ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ትምህርት ፍለጋ የወጡ ሕፃን

ገብረ ሕይወት በሐምሌ 1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የሕፃንነታቸው ዘመን ለሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝብ የመከራ ዘመን ነበር። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች የገባው የከብት ዕልቂት በሽታ የገበሬውን በሬ ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ክፉ ቀን የሚባለው ታላቅ ረሃብ አገሩን አጠፋው። ትግራይ ከሁሉ የባሰ ተጎዳች። ሰው ከቀዬው እየተነቀለ ምግብና ሰላም ወደሚገኝበት ሁሉ ፈለሰ።

ሕፃኑ ገብረ ሕይወትም ከቀዬአቸው የወጡት በዚህ ዘመን፣ በሰባት ዓመታቸው ገደማ ነው። የደረሱት በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ከቤተ ክህነት ትምህርት በቀር ለአንድ የገበሬ ልጅ ዘመናዊ ዕውቀት የሚሰጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። በስፋት እንደሚነገረው፣ ሕፃኑ ምጽዋ ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ለማየት ወጡ፤ መርከቡም እርሳቸውን እንደያዘ ጉዞውን ቀጠለ። ካፒቴኑ አውሮፓ ሲደርስ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አስረከባቸው። ቤተሰቡም እንደ ልጅ አሳደጋቸው፤ አስተማራቸው። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ለመዱ፤ በኋላም በበርሊን ሕክምና ማጥናታቸው ይነገራል።

በአውሮፓ ያዩት ሁሉ ከአገራቸው ጋር እንዲያነጻጽሩ አስገደዳቸው። የፋብሪካ ጭስ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የተማረ ገበሬ፣ በጽሑፍ የተደነገገ ሕግ አዩ። ነጭ በተፈጥሮው ከጥቁር ይበልጣል የሚለውን የዘመኑን ወሬ ግን አልተቀበሉም። ልዩነቱ የመጣው ከዕውቀትና ከሥርዓት እንደሆነ፣ ዕውቀትም በትምህርት የሚገኝ እንደሆነ አመኑ። በዚያን ዘመን ጃፓን ራስዋን አስተምራ ከኃያላን ተርታ መቆሟ ለዚህ እምነታቸው ትልቅ ማስረጃ ሆነላቸው።

ተመላሹና ቤተ መንግሥቱ

ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአፍላ ወጣትነት ላይ ነበሩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በባዕድ አገር ስላደጉ አማርኛንና ግዕዝን ከመምህር ዘንድ ተቀምጠው መማር ነበረባቸው። ብዙም ሳይቆዩ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ገቡ።

ጊዜው የለውጥ ጊዜ ይመስል ነበር። በ1898 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባንክ ተከፈተ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። ይሁን እንጂ ገብረ ሕይወት ጠለቅ ብለው ሲመለከቱ መሠረቱ ያልጸና ሆኖ አገኙት። ባንኩ በግብፅ ባንክ ሥር የተቋቋመ የባዕድ ገንዘብ ነበር። ሚኒስትሮቹ ማዕረግ እንጂ በጀትና ሕግ አልነበራቸውም። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት አንድ ላይ የተደባለቀ ነበር። ትምህርት ቤቱም የተማሩትን ጥቂት የመኳንንት ልጆች እንጂ በየክፍለ ሀገሩ ያለውን የገበሬ ልጅ አልደረሰም።

የውጭ ዜጎች አያያዝም ሌላ ቁስል ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በመልዕክተኛው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል ተብሎ የሚታወቀው ስምምነት ሁለት ከባድ ነገሮችን አስከተለ። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ የሚኖር የውጭ ዜጋ ክስ ሲነሣበት የራሱ ቆንስል እንዲገባበት ፈቀደ፤ በዚህም ባዕዱ ነጋዴ ከአገሬው ሕግ በላይ የቆመ ያህል ሆነ። ሁለተኛ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ አሰረ። ሌሎች መንግሥታትም ያንኑ መብት ለዜጎቻቸው አገኙ። የወጪና የገቢ ንግዱ በግሪክ፣ በአርመን፣ በሕንድና በዓረብ ነጋዴዎች እጅ በነበረበት ጊዜ ኢትዮጵያዊው ነጋዴ በገዛ አገሩ ከእነርሱ ያነሰ ጥበቃ ነበረው። ሰው ከውጭ መምጣቱ በራሱ ክፉ ነገር አልነበረም፤ ብዙዎቹ ሙያ ይዘው መጥተዋል። ችግሩ መንግሥት የሚገባውን በምን ሕግ እንደሚያስተናግድ፣ አገሬውን ደግሞ በምን እንደሚያጠነክር አስቦ አለመነሣቱ ነበር።

ንጉሡ ታመው ሥልጣን በቤተ መንግሥት ወገኖች መካከል ትግል በሆነበት ጊዜ ከውጭ ተምረው የመጡ ሰዎች በጥርጣሬ ይታዩ ጀመር። ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፣ የባዕድ መንግሥት ጆሮ ናቸው ይባሉ ነበር። ገብረ ሕይወትም ዕጣው ደረሳቸው። ዕውቀት ፍለጋ በሕፃንነታቸው አገር ለቀው የነበሩት ሰው ያንኑ ዕውቀት ይዘው በመመለሳቸው ለሁለተኛ ጊዜ አገር ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ካፋ በዚያ ዘመን

ገብረ ሕይወት በአውሮፓ ሳሉ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ ነገር ሆኖ ነበር። የካፋ መንግሥት ለዘመናት ድንበሩን በጥልቅ ጉድባና በበሮች አጥሮ የኖረ መንግሥት ነው። ከውጭ የሚመጣ ነጋዴ ቦንጋ ገበያ ድረስ መጥቶ ይነግዳል፤ ከዚያ አልፎ ወደ አገሩ ውስጥ መግባት ግን አይፈቀድለትም ነበር። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል፤ ጨርቅና አሞሌ ጨው ይገባል። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደነበር ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የአፄ ምኒልክ ጦር ከጎረቤት ኃይሎች ጋር ሆኖ ለወራት ከተዋጋ በኋላ በመስከረም 1890 ዓ.ም. የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። የካፋ ዘውድም ከአገር ወጣ። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጧቸው፤ ኢልግም ወደ አገራቸው ወሰዱት። ዘውዱ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የባቡር ሐዲዱን ሥራ ከአፄ ምኒልክ በውል የተቀበሉትም እኚሁ ኢልግ ነበሩ። እንግዲህ የካፋ ዘውድና የካፋ ቡና መንገድ በአንድ ሰው እጅ ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

ከድሉ በኋላ በካፋ የሰፈረው ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። በደመወዝ ፈንታ ገበሬ ተሰጠው። ገባሩ እህልና ማር ያስገባል፤ የሹሙን እርሻ ያርሳል፤ አጥር ያጥራል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ሹሙ ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል። ግብሩ ልክ አልነበረውም፤ ልኩ የሹሙ ፍላጎት ነበር። ለልጁ ተርፎ ለሚሸጥ ምርት የሚተጋ ገበሬ በበረታ ቁጥር የሚወሰድበት ይበዛል። ስለዚህ ብዙው መሬቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ብዙው በባሪያ ንግድ ተወሰደ፤ ብዙው በጦርነትና በረሃብ አለቀ። ይታረስ የነበረው ብዙ መሬት ወደ ጫካነት ተመለሰ።

በካፋ የሆነው ነገር በልዩ ልዩ መልክ በመላው የገባር አገር ሆኗል። ገብረ ሕይወትም ስለ ድህነት ምክንያት ሲጽፉ ያመለከቱት ይህንኑ ሥርዓት ነው።

የ1904ቱ ጽሑፍ

በ1904 ዓ.ም. አስመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ብርሃን ይሁን የተባለ መጽሐፍ ታተመ። በውስጡ አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚል የገብረ ሕይወት ጽሑፍ ነበረበት። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም በዚያን ዘመን ማንም ደፍሮ በአማርኛ ያልጻፈውን ይዟል።

ገብረ ሕይወት አፄ ምኒልክን አልካዱም፤ መልካም ሥራቸውን አመሰገኑ። ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ የገዢ አሞጋሽ መሆን እንደሌለበት አሳሰቡ። ስለ ምኒልክ የተጻፈውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን መጽሐፍ ያለፉትን ነገሥታት፣ በተለይም አፄ ዮሐንስን፣ ያለ ፍርድ ያጣጣለ ነው ብለው ነቀፉ። የተማሩ ኢትዮጵያውያን በገዛ አገራቸው የደረሰባቸውን መከራም ዘረዘሩ። አገር የተማረ ሰው አጣሁ እያለች ያገኘችውን ስታስርና ስታሳድድ ማየት አሳዘናቸው።

ከዚያ ለአዲሱ ገዢ የሚሆን የማሻሻያ ዝርዝር አቀረቡ። የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ። ግብር በታወቀ ልክ ይወሰን፤ በገንዘብም ይከፈል። ሕግ ተጽፎ ይደንገግ፤ ዳኝነትም በሕጉ ይሁን። ወታደሩ የገበሬ ቤት ተመጋቢ መሆኑ ቀርቶ ሥልጠናና ሥርዓት ይኑረው። በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይሥራ። የጉምሩክ አሠራር አንድ ይሁን። ትምህርት ይስፋፋ። ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት አይበደል።

የገንዘቡ ጉዳይ ለዛሬ አንባቢ ቀላል ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ነጋዴ አንዱ ገበያ ላይ አሞሌ ጨው፣ ሌላው ላይ ጠገራ ብር፣ በሦስተኛው ላይ ጥይት ይጠየቅ ነበር። የአሞሌው ዋጋ ከጨው አገር በራቀ ቁጥር ይጨምራል፤ በክረምት ይሟሟል። ምንዛሪውን የሚያውቀው ነጋዴ ያተርፋል፤ የማያውቀው ገበሬ ይከስራል። በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥም እንዲሁ ነበር። እያንዳንዱ ሹም የራሱን ኬላ ስለሚያቆም ቡና ከጫካ እስከ ወደብ ሲደርስ ዋጋው ብዙ ጊዜ ተነክሶ ያልቃል። የመጨረሻውን ጉዳት የሚሸከመው ያው ከታች ያለው ለቃሚ ነው።

ከሐዲዱ አጠገብ

ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዙ ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ተመልሰው ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ። በ1908 ዓ.ም. ገደማ የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ ተባሉ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የጉምሩክ ሹም ማለት ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ብዙ ሹማምንት አብረው ወደቁ፤ ገብረ ሕይወት ግን በአዲሱ መንግሥትም በሥራ ላይ ነበሩ።

ድሬዳዋ ራሷ የሐዲዱ ልጅ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደርሶ ለዓመታት ቆመ፤ ገንዘብ አልቆ ኩባንያው ከሰረ፤ በአዲስ ኩባንያ ሥራው ቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ባቡሩን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ተቀበለው። ገብረ ሕይወትም ባቡርን አልጠሉም። ነገር ግን ሌሎች ያልጠየቁትን ጠየቁ። ሐዲዱ የማን ነው? ትርፉስ ለማን ይሄዳል? ባቡሩ ጥሬ ዕቃ ጭኖ ወርዶ የባዕድ ጨርቅና መሣሪያ ጭኖ የሚመለስ ከሆነ አገሩን ያሳድጋል ወይስ የአገሩን ልብ በፍጥነት ያራቁታል? ሕዝቡ ሳይማር፣ ሙያ ሳያውቅ የሚመጣ የንግድ መንገድ ሀብት ማስገቢያ ብቻ ሳይሆን ሀብት ማስወጫ በር ሊሆን እንደሚችል ተረዱ።

ትልቁ መጽሐፍ

ይህ ሁሉ ምልከታ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። መጽሐፉ በአማርኛ ስለ ምጣኔ ሀብት በዝርዝር ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ለነገሩ ስም እንኳ ባልነበረበት ቋንቋ ስለ ዋጋ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ንግድና ስለ ግብር ገበሬ ሊገባው በሚችል ቃል ጻፉ።

የመጽሐፉ ሐሳብ ከአንድ ምንጭ ይነሣል። የሀብት ሁሉ መነሻ የሰው ድካም ነው። መሬት፣ ጫካና ውሃ ያለ ሰው ሥራ ሀብት አይሆኑም። ሆኖም ድካም ሁሉ እኩል ፍሬ አያፈራም፤ ፍሬውን የሚያበዛው ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከንጋት እስከ ምሽት ደክሞ ጥቂት ያገኛል፤ ዕውቀት ያለው በጥቂት ሰዓት ብዙ ያመርታል።

ከዚህ ተነሥተው ስለ ውጭ ንግድ የጻፉት ነገር ከዘመናቸው የቀደመ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ በገበያ ላይ ዋጋው እኩል ቢመስልም በድካም ሲመዘን እኩል አይደለም። አንድ ገበሬ ወራት የፈጀበትን ቡናና ቆዳ ሰጥቶ የሚቀበለው ጨርቅ በፋብሪካ የተሠራው በጥቂት ሰዓት ነው። ስለዚህ ብዙ ወራት በጥቂት ሰዓት ይለወጣል። ንግዱ በደመቀ ቁጥር ያልተማረው ይደክማል እንጂ አይበለጽግም። በላቲን አሜሪካና በሌላውም ዓለም ያሉ ምሁራን ስለ ጥሬ ዕቃ ሻጮችና ስለ ፋብሪካ ባለቤቶች የተዛባ ንግድ በሰፊው የጻፉት ገብረ ሕይወት ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

መፍትሔውን ሲያመለክቱ ደጅ ይዘጋ አላሉም። የካፋ ነገሥታት እንዳደረጉት በጉድባና በበር ራስን አጥሮ መኖር በእርሳቸው ዘመን የሚቻል ነገር አልነበረም። ይልቁንም መንግሥት ሕዝቡን ያስተምር፤ የእጅ ሙያን ያክብር፤ ገበሬው የድካሙ ፍሬ ለራሱ እንደሚተርፍ እርግጠኛ የሚያደርግ ግብር ይወስን፤ ጉምሩክንም የገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማሳደጊያ ያድርገው ብለው አስተማሩ። እርስ በርስ የሚደረግን ጦርነትና ዘረፋን አጥብቀው አወገዙ፤ የሠራውን ከሠራበት እጁ የሚነጠቅ ሰው ነገ ለመሥራት ምክንያት እንደማይኖረው አሳዩ። ጨርቅ ሸማኔውንና ብረት ቀጥቃጩን በንቀት የሚያይ ሕዝብ የባዕድ ፋብሪካ ደንበኛ ሆኖ እንደሚቀር አስጠነቀቁ።

ቅሬታቸው ከቁጣ የመነጨ ብቻ አልነበረም። በመንግሥት ውስጥ ሆነው የሚሠሩ ሰው ነበሩና መንግሥት ቢፈልግ ሊያደርገው የሚችለውን ለይተው ያውቁ ነበር። የጻፉትም መንግሥት እንዲወድቅ ሳይሆን አገሪቱ ነጻነቷን ይዛ እንድትቆይ ነው። ኃያላኑ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1899 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በሚመለከት ጥቅማቸውን ተከፋፍለው መፈራረማቸውን ያውቁ ነበር። በዓድዋ በጦር የተጠበቀው ነጻነት በዕውቀትና በሥራ ካልተደገፈ በሌላ መንገድ ሊታጣ እንደሚችል ይሰጉ ነበር።

ያለጊዜው የተቀጨ ሕይወት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አረፉ። ትልቁ መጽሐፋቸው ታትሞ አላዩም። ወዳጃቸው ጳውሎስ መናመኖ ጽሑፉን ጠብቀው፣ በ1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት እንዲታተም አደረጉ። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ከረጅም የግዞት ዘመን በኋላ ያረፉት በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ ነው። አንዱ የቀደመውን ሥርዓት ለመጠበቅ ሲዋጉ ተማርከው፣ ሌላው አዲሱን ሥርዓት ለማቃናት ሲደክሙ ሳይሰሙ፣ ሁለቱም ተከታትለው አለፉ።

ያመለከቷቸው አንዳንድ ነገሮች ዘግይተው ተፈጸሙ። የገባር ሥርዓት በሕግ የቀረው ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ነው፤ መሬት ከጭሰኝነት የተላቀቀውም በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው እርሳቸው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ነው። ቦንጋም በተራዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በአንድ ዘመን ትምህርት ፍለጋ ባሕር መሻገር የነበረበት የገበሬ ልጅ ዛሬ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ዲግሪ ሊይዝ ይችላል።

ጥያቄያቸው ግን አልተዘጋም። ከኢትዮጵያ የሚወጣው ቡና አብዛኛው ዛሬም ሳይቆላ በጥሬው ይሸጣል፤ የቆላው፣ የፈጨውና ያሸገው አገር ከገበሬው የበለጠ ያተርፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ቡና ላኪው ተጨማሪ ብር አገኘ፤ ገበሬውም ለማዳበሪያ፣ ለዘይትና ለልብስ የሚያወጣው ወጪ አብሮ ጨመረ። የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ በየቤቱ የሚሰላ ሒሳብ ሆኗል። በትምህርትም በኩል በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ያህል ነጥብ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ የትምህርት ቤት ቁጥር መብዛትና የዕውቀት መብዛት አንድ እንዳልሆኑ መላው አገር ተገንዝቧል። ተመርቆ ሥራ ያጣው ወጣትም በየመን በኩል ወደ ዓረብ አገር፣ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን አደገኛ መንገድ ሲመርጥ ይታያል።

ገብረ ሕይወት በሰባት ዓመታቸው ከቤት ያወጣቸው የትምህርት ማጣት ነበር። በጎልማሳነታቸው ያሰደዳቸው ደግሞ የተማረን ሰው የሚፈራ አስተዳደር ነበር። ሕይወታቸው ራሱ የጻፉትን ነገር ይመሰክራል፤ መንግሥት የማያስተምረው ልጅ አገር ጥሎ ይወጣል፤ አስተምሮ የማያሠራውም እንዲሁ ይወጣል። በሁለቱም መንገድ የሚጎድለው የአገር ጉልበት ነው።

ዛሬ በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና ወይም በጌሻ ቡናውን አድርቆ ወደ ገበያ የሚያወርድ ገበሬ የነጋድራሱን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ሆኖም ጆንያውን በሚዛን ላይ ሲያስቀምጥና የተነገረውን ዋጋ ከገዛው ዘይትና ከልጁ የትምህርት ወጪ ጋር ሲያስተያይ፣ ገብረ ሕይወት ከመቶ ዓመት በፊት በድሬዳዋ የጉምሩክ ቤት የጀመሩትን ሒሳብ እርሱም በራሱ መንገድ እያሰላ ነው። ያ ሒሳብ ለገበሬው የሚደላበት ቀን የሚመጣው፣ እርሳቸው እንዳመኑት፣ ዕውቀቱም ፋብሪካውም ቡናው ከበቀለበት ጫካ አጠገብ ሲተከሉ ነው።